ተረከዝ፣ ቀንበርና ፈረስ፦ የእንግሊዝኛ የረገጣና የገዥነት ግሦች አመጣጥ

እንግሊዝኛ ሰው ሰውን ማሸነፉን፣ ማስገበሩን፣ መጨቆኑንና ማዋረዱን የሚናገርባቸው ግሦች በአንድ ዘመን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ አይደሉም። ጥቂቶቹ የአንግሎ-ሳክሰን ገበሬዎች ቅርስ ናቸው። ብዙዎቹን በ1066 ባሕር ተሻግረው እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች አመጧቸው። ሌሎቹን ቀሳውስትና ምሁራን ከላቲን መጻሕፍት ቀዱ፤ ከሆላንድ በኩል የገባ አለ፤ ከአሜሪካ የደቡብ ግዛቶች የወጣም አለ። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከእነዚህ ግሦች አብዛኞቹ ሲፈጠሩ ከሥልጣን ጋር ግንኙነት አልነበራቸውም። የአውድማ፣ የሱፍ ጨርቅ፣ የአደን፣ የበሬና የፈረስ ሥራ ቃላት ነበሩ፤ ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ችሎት የገቡት ውለው አድረው ነው። በመንገዳቸው ላይም እግሩ፣ ቀንበሩና ልጓሙ ከትርጉማቸው እየወለቀ ቀርቷል።

ዕድሜ ጠገቡ ትሬድ የሚለው ግሥ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ትሬዳን ይባል ነበር፤ ጀርመንኛና ሆላንድኛም እስከ ዛሬ የቅርብ ዘመዱን ይዘዋል። መርገጥ፣ በእግር መሄድ ማለት ነው፤ መንገደኛው አፈሩን፣ ወይን ጨማቂው ዘለላውን፣ ድል አድራጊውም የወደቀውን የሚረግጡት በዚሁ አንድ ግሥ ነው። አንድ የሥጋ ዘመዱ በሌላ በር ገብቶ የተሻለ ኑሮ አግኝቷል። የሰሜን ጀርመን ነጋዴዎች የእግር ዱካን፣ የለመዱትን መሄጃ የሚጠሩበት ከዚያው ሥር የወጣ ስም ነበራቸው። እንግሊዞች በ14ኛው መቶ ዘመን ተዋሱትና መጀመሪያ ለመንገድ፣ ቀጥሎ ሰው በየዕለቱ ለሚመላለስበት ሥራ፣ በኋላም ለንግድ አዋሉት። ዛሬ ንግድ ማለት የሆነው ትሬይድ ይኸው ነው።

ትሬድ ራሱ ግን ወደ ወህኒ ቤት ወረደ። ዊልያም ኪዩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1810ዎቹ መጨረሻ ለእስረኞች ሥራ ይሆናል ብሎ አንድ ረጅም መንኮራኩር ነደፈ። እስረኞቹ ጎን ለጎን ቆመው ማለቂያ የሌለው ደረጃ እንደሚወጡ ሁሉ እርከኑን ይረግጣሉ፤ መንኮራኩሩ ከእግራቸው ሥር ይዞራል። ለንደን ውስጥ ብሪክስተን ወህኒ ቤት በ1821 ተተክሏል። በአንዳንዱ ወህኒ ቤት እህል ይፈጭ ወይም ውኃ ይስብ ነበር፤ በብዙው ግን ከነፋስ በቀር የሚፈጨው አልነበረውም፤ ቅጣቱ ራሱ መርገጡ ነበር። በ1898 በወጣው የወህኒ ቤት ሕግ ቀረ። ስሙ ትሬድሚል ነበር፤ ዛሬ በየጂሙ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ላቡን የሚያፈስበት መሣሪያ የወረሰው ይህን ስም ነው።

ስሬሽ የሚለው የአውድማ ግሥም የእግር ዘር ነው። ዛሬ እህል መውቃት ማለት ይሁን እንጂ የጀርመናዊው ሥሩ እግርን እያሰሙ መርገጥ እንደነበር ይታመናል። ምልክቱም ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ከጀርመናውያን ወራሪዎች ተውሰው ሲይዙት ትርጉሙ መጨፈርና መፈንጠዝ መሆኑ ነው። አውድማ ላይ በሬ ሲያበራይ ያየ አንባቢ የሁለቱን ዝምድና ለማየት አይቸገርም። በሰሜን አውሮፓ እግሩን የእህል መውቂያ ዱላ ሲተካው ግሡ ከመርገጥ ወደ መምታት ዞረ። ከዚያ ስራሽ የሚል መንታ ወለደ፤ እርሱም ሰውን እንደ ነዶ መውቃት ማለት ሆነ።

ትራምፕል በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ብቅ አለ። ሥሩ እግርን አክብዶ መሄድ ማለት የሆነው ትራምፕ ነው። መጨረሻው ላይ የተቀጠለችው ‘ል’ የድርጊቱን መደጋገም ታሳያለች፤ አማርኛ ረገጠን ረጋገጠ ሲል የሚያደርገው ዓይነት ነው። ቃሉ መጀመሪያ የሚገልጸው ድምፅን ነበር፦ ኮቴው የበዛ፣ ዱብ ዱብ የሚል አካሄድ። ጉዳቱ፣ ማለትም ከእግር በታች ያለው ነገር መድቀቁ፣ ቆይቶ መጣ፤ ሕግንና መብትን መርገጥ ደግሞ ከዚያም በኋላ። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ይለያያሉ። የአማርኛ ጋዜጠኛ ‘የሰብአዊ መብት ረገጣ’ ብሎ ሲጽፍ እግሩን በግልጽ አስቀምጧል፤ የእንግሊዝኛው መደበኛ ሐረግ ግን ኃይል ከሚል የላቲን ቃል የመጣውን ቫዮሌሽን ይመርጣል፤ ትራምፕልን ለስብከትና ለአደባባይ ንግግር ትቶታል።

ከዚህ ከአገሬው መዝገብ ለመሰናበት ክዌልን መጥቀስ ይበቃል። ዛሬ ፖሊስ ረብሻን ሲያበርድ፣ እናት የልጇን ፍርሃት ስታረግብ የሚባልበት ይህ ለስላሳ ግሥ በጥንታዊው እንግሊዝኛ መግደል ማለት ነበር።

የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ኦክቶበር 14 ቀን 1066 ሄስቲንግስ አጠገብ ንጉሥ ሃሮልድን ድል ካደረገ በኋላ የእንግሊዝ ባላባት ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ። በታሪክ ‘ድል አድራጊው’ ዊልያም የሚያሰኘው ኮንከር የሚለው ግሥ ግን በአመጣጡ የጦር ቃል አይደለም። የላቲኑ ሥር ፈልጎ ማግኘት፣ መሰብሰብ ማለት ነው። በፊውዳል ሕግ አንድ ሰው በውርስ ሳይሆን በሌላ መንገድ ያገኘው ርስት ኮንኩዌስት ይባል ነበር። የ18ኛው መቶ ዘመን የሕግ ሊቅ ዊልያም ብላክስቶን ከዚህ ተነሥቶ የንጉሡ ቅጽል ‘አገር በጦር የቀማው’ ሳይሆን ‘ርስት ያገኘው’ ማለት ነው ብሎ ጽፏል። ክርክሩ ለባለርስቶች እንደሚመች ግልጽ ነው፤ ስለ ቃሉ ግን ብላክስቶን እውነቱን ነው። ዊልያም ራሱም ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1086፣ ዶምስዴይ የተባለውን መዝገብ ሲያስጠናቅር የያዘውን አገር መሬት በመሬት፣ ወፍጮ በወፍጮ፣ በሬ በበሬ አስቆጥሯል።

ኖርማኖቹ ካመጧቸው ቃላት ሁለቱ ግሥ ባይሆኑም ሊታለፉ አይገባም። ሁለቱም ጌታ ከሚለው የላቲን ቃል፣ ከዶሚኑስ፣ የወጡ ናቸው። አንደኛው ዴንጀር ነው። ዛሬ አደጋ ማለት ነው፤ ያኔ ግን ጌታ በበታቹ ላይ ያለው ሥልጣን፣ ሊቀጣውና ሊጎዳው መቻሉ ነበር። ሼክስፒር ‘የቬኒሱ ነጋዴ’ በተባለው ቴአትሩ ባለዕዳው በአበዳሪው ዴንጀር ውስጥ እንዳለ ሲያናግር ይህን አሮጌ ትርጉም አልረሳም፤ ሰውየው በእጁ ነው ማለቱ ነው። ጌታ ባለበት አደጋ አለ የሚለውን የቃሉን ጉዞ ያቃኑት ጌቶቹ ሊሆኑ አይችሉም። ሁለተኛው ዳንጀን ነው። በፈረንሳይኛ ዶንዦን የጌታው ዋና ግንብ፣ ከግቢው ሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው ሕንፃ ነበር፤ ዊልያም በ1070ዎቹ ለንደን ላይ ያስጀመረው ነጭ ግንብ የዚህ ዓይነት ነው። በእንግሊዝኛ ዳንጀን ከመሬት በታች ያለ ጨለማ እስር ቤት ሆኖ ቀረ። ሕዝቡ ግንቡን የሚያውቀው በሥሩ በኩል ነበርና።

ኦፕሬስ፣ የጭቆና ዋናው ግሥ፣ በ14ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይኛ በኩል ገባ። ላቲኑ በላይ ሆኖ መጫን፣ ማፈን ማለት ነው፤ ድንገት ወርዶ መደፍጠጥንም ይጨምራል። ሰፕሬስ ከታች እንዳይነሣ መጫን ሲሆን የዚሁ ወንድም ነው። የሁለቱም እናት የሆነው ፕሬስ፣ መጫን፣ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ውስጥ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ቃል በቃል ይሠራበት ነበር። ተከሳሽ ‘ጥፋተኛ ነኝ’ ወይም ‘አይደለሁም’ ብሎ ካልመለሰ ክርክሩ ሊጀመር አይችልም። በ1275 የወጣው የዌስትሚንስተር ድንጋጌ እንዲህ ያለው ሰው ብርቱና ከባድ እስር እንዲቀምስ አዘዘ። እስሩ ውሎ አድሮ ክብደት ሆነ፦ ሰውየው በጀርባው ይንጋለላል፣ ደረቱ ላይ ሳንቃ ይደረጋል፣ በሳንቃው ላይ ድንጋይና ብረት ይቆለላል፤ እስኪናገር ወይም እስኪሞት። ዝም ብሎ መሞት ጥቅም ነበረው፤ ያልተፈረደበት ሰው ንብረት በመንግሥት አይወረስም። ዮርክ ከተማ ውስጥ ማርጋሬት ክሊዘሮ የተባለች የሥጋ ሻጭ ሚስት የካቶሊክ ካህናትን ደብቀሻል ተብላ ማርች 25 ቀን 1586 በዚህ መንገድ ተገደለች፤ ልጆቿ እንዳይመሰክሩባት ስትል አልመልስም ብላ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1970 ከቅዱሳን ቆጥራታለች። በአሜሪካ ሴለም በ1692 ጠንቋይ ተብሎ የተከሰሰው ሽማግሌ ጃይልስ ኮሪ የሞተውም እንዲሁ ነው። እንግሊዝ ልማዱን የሰረዘችው በ1772 ነው። ስለዚህ የ16ኛው መቶ ዘመን ሰባኪ ድሀ ተጨቆነ ሲል አድማጩ ምናልባት ሳንቃውንም ድንጋዩንም ያይ ነበር።

ከፈረንሳይኛ ከመጡት ሁሉ ታሪኩ የሚጣፍጠው ግን የሱፍ ጨርቅ ረጋጮች ግሥ ነው። የሱፍ ጨርቅ ከሸማኔ እጅ ሲወጣ ልል ነው፤ ቅባትም አለበት። እንዲጠብቅና እንዲወፍር በውኃ ገንዳ ውስጥ በሸክላ አፈር ወይም በተጠራቀመ ሽንት ተነክሮ ለሰዓታት መረገጥ ነበረበት። የሮም ፉሎኔስ ይህን ሥራ የሚሠሩ ነበሩ፤ ፖምፔ ላይ ከእሳተ ገሞራው አመድ የወጣ የግድግዳ ሥዕል በየገንዳቸው ቆመው ሲረግጡ ያሳያቸዋል። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ለዚህና ለመሳሰለው ሥራ በሚሰበሰበው ሽንት ላይ ግብር መጣሉም በታሪክ ይነገርለታል። በእንግሊዝ ፉለር፣ ዎከርና ተከር የሚባሉት የቤተሰብ ስሞች ሦስቱም ከዚሁ ሙያ የቀሩ ናቸው። እግሩን በውኃ የሚዞር የእንጨት መዶሻ ሲተካው ሥራው ወደ ወንዝ ዳር ወረደ፤ የቴምፕል ባላባቶች ማኅበር በ1185 ባስጻፈው የርስት መዝገብ እንዲህ ያለ ወፍጮ በእንግሊዝ ምድር ተመዝግቧል።

ከዚህ ሙያ ስም ፈረንሳይኛ ፉሌ የሚል ግሥ አወጣ፤ ጨርቅ መርገጥ፣ ከዚያም ማንኛውንም ነገር መርገጥ። ሰው የሚረጋገጥበት ሕዝብ ፉል የተባለውም ከዚሁ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። አንዱ ዲፉል ሆኖ ገባ፤ ረግጦ ማድቀቅ ማለት ነበር። በ1380ዎቹ በጆን ዊክሊፍ ስም የሚታወቀው መጽሐፍ ቅዱስ ዕንቁ በእሪያ ፊት እንዳይጣል በሚያስጠነቅቀው የማቴዎስ ወንጌል ቦታ የእሪያዎቹን ሥራ የሚገልጸው በዚህ ግሥ ነው። ዊልያም ቲንዴል በ1526 ትሬድን ተጠቀመ፤ በ1611 የወጣው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ደግሞ ትራምፕልን መረጠ። አንዲት ጥቅስ በሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ሦስት የረገጣ ግሥ ፈጅታለች። ዲፉል ግን እስከዚያ ድረስ ትርጉሙ ተበላሽቶበት ነበር፤ ቆሻሻ ማለት ከሆነው ከአገሬው ፋውል ጋር በድምፅ ስለተመሳሰለ መርገጡ ቀርቶ ማርከስ ሆነ፤ ቅርጹም ወደ ዲፋይል ተለወጠ። ዛሬ ቤተ መቅደስን ወይም መቃብርን ስለማርከስ የሚናገር እንግሊዛዊ አፉ ላይ የጨርቅ ረጋጭ እግር እንዳለ አያውቅም።

ሁለተኛው ፎይል ወደ አዳኞች ሄደ። የሚታደን አጋዘን ራሱ በሄደበት ዱካ ላይ ደጋግሞ ሲመላለስ ወይም መንጋ ሲያቋርጠው ሽታው ይረጋገጣል፤ ውሾቹም ይስታሉ። ዱካን ረግጦ ማጥፋት ፎይል ነበር። ከዚያ የጠላትን ዕቅድ ማክሸፍ ሆነ፤ የዛሬ ጋዜጣ ‘የሽብር ሙከራ ከሸፈ’ ሲል የሚመርጠው ግሥ ነው። በመረገጥ ግሦች መካከል ታዳኙ የሚያመልጥበት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከ15ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ምሁራን በፈረንሳይኛ በኩል መዞሩን ትተው በቀጥታ ከላቲን መቅዳት ጀመሩ፤ ላቲን ደግሞ የእግር ቋንቋ ነው። ካልክስ ማለት ተረከዝ ነው። ከርሱ የወጣው ካልካሬ፣ መርገጥ፣ በእንግሊዝኛ ኮንካልኬት የሚል ግሥ አስገኝቶ ነበር፤ ክብደቱን የቻለ ሰው ስላልነበረ ከጥቂት መጻሕፍት አላለፈም። ወንድሙ ኢንካልኬት ግን ኖረ። በተረከዝ ጠቅጥቆ ማስገባት ማለት ሲሆን በ16ኛው መቶ ዘመን ትምህርትን በመደጋገም በተማሪ አእምሮ ውስጥ ማስረጽ ሆነ፤ የዚያ ዘመን መምህር አለንጋ እንደማይለየው ለሚያውቅ ሰው የተረከዙ ነገር አይደንቅም። ከተረገጠው ወገን ደግሞ ሪካልሲትረንት አለ፤ በተረከዙ ወደ ኋላ የሚራገጥ በቅሎ ነበር፣ ዛሬ አልታዘዝም ባይ ሰው ነው። ሰፕላንት ከውስጥ እግር የመጣ ነው፦ ፕላንታ የእግር መዳፍ ነው፤ ሰውን እግሩን ጠልፎ መጣል፣ ከዚያም ቦታውን መውሰድ። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ኤሳው ያዕቆብ ሁለት ጊዜ አሰናከለኝ ብሎ ሲያማርር የተጠቀመው ይህን ግሥ ነው፤ የወንድሙን ተረከዝ ይዞ ለተወለደ ሰው የሚስማማ ምርጫ ነው።

ኢንሰልት ከሁሉ ሩቅ ተጉዟል። የላቲኑ ሥር በአንድ ነገር ላይ ዘልሎ መውጣት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እንግሊዝኛ ሲገባ ተሸናፊው ላይ እየፈነጠዙ መኩራራት ነበር፤ ዝላዩ ገና ይታያል። በ17ኛው መቶ ዘመን ወደ ስድብ ወረደ። ሐኪሞች ብቻ አሮጌውን ትርጉም አልተዉም፤ አንጎል ወይም ኩላሊት ላይ የደረሰ ጉዳት በእነርሱ ቋንቋ ዛሬም ኢንሰልት ነው።

ሰብጁጌት የተወሰነ ሥርዓት ያለው ብቸኛ ግሥ ነው። ከቀንበር በታች ማድረግ ማለት ነው፤ ነገሩ ግን በሬ መጥመድ አልነበረም። ጥንታውያን ኢጣሊያውያን የተማረከ ጦርን የሚያዋርዱበት ልማድ ነበራቸው። ሁለት ጦር ይተከላል፣ ሦስተኛው በላያቸው ይጋደማል፤ ተማራኪው መሣሪያውን ጥሎ፣ ልብሱን ገፍፎ፣ በሥሩ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ሮማውያን በአፈ ታሪካቸው ሲንሲናቱስ በ458 ቅድመ ልደት የኤኩዊ ሰዎችን እንዲህ እንዳሳለፈ ይናገሩ ነበር። ሊረሱት ያልቻሉት ግን የራሳቸውን ነው። በ321 ቅድመ ልደት ቲቶ ቬቱሪዮስና ስጱሪዮስ ፖስቱሚዮስ የተባሉ ሁለት ቆንስሎች የመሩት ጦር ካውዲየም በሚባል የተራራ ጠባብ ውስጥ ገብቶ መውጫ አጣ። የሳምናውያን አዛዥ ጋዮስ ጶንጥዮስ ሳይገድላቸው፣ ቆንስሎቹን አስቀድሞ፣ ሁሉንም ከቀንበሩ በታች አሳለፋቸው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የጻፈው ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ ትዕይንቱን በዝርዝር ይተርካል፤ የውርደቱ መራራነት ከብዕሩ አልጠፋም። ግሡ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ጦሮቹ ቀርተው ማስገበር ብቻ ነበር የቀረው። አገሬው ዮክ፣ ማለትም ቀንበር፣ የላቲኑ ጁጉም የሥር ወንድም ሆኖ እያለ ማንም አላስተያያቸውም። ጎረቤቱ ሰብዱ ደግሞ የዘር ሐረጉ የተምታታበት ነው፤ ቅርጹን ማታለል ከሚል የፈረንሳይ ግሥ፣ ትርጉሙን ከሌላ የላቲን ግሥ ወስዶ ማስገዛት ሆነ።

በጠላት አንገት ላይ እግርን ማሳረፍ ግን ከመጽሐፍ የተቀዳ ልማድ ሆኖ ነው እንግሊዞች ዘንድ የደረሰው። ኢያሱ አለቆቹን በአምስቱ ነገሥታት አንገት ላይ እንዲረግጡ ማዘዙን ሁሉም ያውቅ ነበር። የቢዛንታይን ነገሥታት ይህን የአደባባይ ሥርዓት አድርገውት ነበር፤ ዳግማዊ ዩስጢንያኖስ ዙፋኑን መልሶ ከያዘ በኋላ በ706 በቁስጥንጥንያ የፈረስ ግልቢያ አደባባይ ተቀምጦ ዙፋኑን የወሰዱበትን ሌዎንጥዮስንና ጢባርዮስን ከእግሩ ሥር አድርጎ ውድድሩን ተመለከተ፤ ሕዝቡም ስለ እባብና አንበሳ መረገጥ የሚናገረውን መዝሙረ ዳዊት 90 ይጮኽ ነበር፤ ከዚያ ሁለቱም ተገደሉ። በእንግሊዝ የፕሮቴስታንቶች ተወዳጅ መጽሐፍ፣ በ1563 መታተም የጀመረው የጆን ፎክስ የሰማዕታት ታሪክ፣ ጳጳሱ እስክንድር ሣልሳዊ በ1177 ቬኒስ ላይ የንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳን አንገት ሲረግጥ በሥዕል ያሳያል። በእውነቱ ንጉሠ ነገሥቱ በጳጳሱ እግር ሥር ወድቋል፤ ጳጳሱ ግን አንሥቶ ስሞታል፤ ረገጣው ከዘመን በኋላ የተጨመረ ተረት ነው። ክሪስቶፈር ማርሎ በ1587 ገደማ ባቀረበው ‘ታምበርሌን’ ደግሞ በ1402 አንካራ ላይ የተማረከው የኦቶማን ሱልጣን ባየዚድ በመድረክ ላይ የማራኪው የታሜርላን ወደ ዙፋን መውጫ በርጩማ ሆኖ ይታያል። ትራምፕልና ትሬድ በዚህ ዘመን የገዥነት ቃላት ሆነው የሰፉት በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በሥዕልና በቴአትር አንድ ላይ ነው።

ከእግር ወጥቶ ወደ ቤት የገባ ሌላ ቤተሰብ አለ። ዶሙስ ቤት ነው፤ ዶሚኑስ የቤቱ ጌታ፤ ዶሚናሪ ጌታ መሆን። ዶሚኔት በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከዚህ ተቀዳ። በድምፅ የሚቀርበው ዶማሬ ደግሞ አውሬን መግራት ነው፤ ከደጋጋሚ ቅርጹ ከዶሚታሬ በፈረንሳይኛ በኩል ዶንት መጣ፣ መጀመሪያ መግራት፣ ዛሬ ማስፈራትና ልብ ማሳጣት። አገሬው ቴም፣ መግራት፣ የዚሁ የዶማሬ ጥንታዊ ዘመድ ነው። ቤቱና መግራቱ ከአንድ ሥር ይምጡ አይምጡ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ዶሚኒር ግን መንገዱ ግልጽ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1585 ከስፔን ጋር የሚዋጉትን ሆላንዶች እንድትረዳ ውል ፈርማ ጦር ልካ ነበር፤ ቃሉ ከሆላንድኛ የገባው በዚያው ዘመን ነው። ሲገባ ሁለት ትርጉም ነበረው፤ አንዱ በሰው ላይ መኮፈስ፣ ሌላው ጠጥቶ መጨፈርና መፈንጨት። ሼክስፒር ‘የክፉ ሴት ገራሚ’ እየተባለ በሚጠቀሰው ኮሜዲው የሠርግ እንግዶችን ዶሚኒር አድርጉ ሲላቸው ብሉ፣ ጠጡ፣ ፈንጩ ማለቱ ነው። ግብዣው ተረስቶ ኩፈሳው ቀረ።

ፈረስ የራሱ ምዕራፍ አለው። ኦቨርራይድ በጥንታዊው እንግሊዝኛ አገርን በፈረስ ማቋረጥ ነበር፤ ከዚያ እግረኛን በፈረስ መርገጥ ሆነ። ዛሬ የአሜሪካ ኮንግረስ የፕሬዚዳንቱን ቬቶ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲሽር በዚህ ግሥ ይነገራል። ራፍሾድ የሚባለው ፈረስ በበረዶ እንዳይንሸራተት የጫማው ሚስማር ራሱ ወደ ውጭ የቀረለት ነው፤ በሰዎች ላይ ራፍሾድ መጋለብ፣ ማለትም የሌላውን ስሜትና መብት ከምንም አለመቁጠር፣ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተለመደ አነጋገር ሆነ። ብዙ ሳይቆይ አነጋገሩ በተግባር ታየ። ኦገስት 16 ቀን 1819 በማንቸስተር ቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ 60,000 የሚሆን ሕዝብ የምርጫ መብት ለመጠየቅ ተሰበሰበ። የከተማው ዳኞች ተናጋሪውን ሄንሪ ሃንትን ለማስያዝ የአካባቢ ነጋዴዎችና ባለፋብሪካዎች የበዙበትን የፈረሰኛ ሚሊሻ ሰደዱ። ሚሊሻው ሜዳው ከመድረሱ በፊት ገና በመንገድ ላይ ዊልያም ፊልድስ የተባለ የሁለት ዓመት ሕፃን ከእናቱ ክንድ በፈረስ ተገፍቶ ወድቆ ሞተ። ሜዳው ላይ ሰይፍና ኮቴ ተቀላቀሉ፤ 18 ያህል ሰው እንደሞተ፣ በመቶዎች የሚቆጠር እንደቆሰለ ይነገራል። የማንቸስተር ጋዜጣ ከአራት ዓመት በፊት ከተካሄደው የዋተርሉ ጦርነት ስም ቆርጦ ‘ፒተርሉ’ ብሎ ሰየመው።

የመጨረሻው ግሥ ቡልዶዝ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ዛሬ ከማሽኑ የተወሰደ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ1876 በራዘርፎርድ ሄይስና በሳሙኤል ቲልደን መካከል የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲደረግ በሉዊዚያናና በሌሎች የደቡብ ግዛቶች ነጮች የታጠቁ ቡድኖች አቋቁመው ከባርነት የወጡ ጥቁሮች እንዳይመርጡ ይገርፉና ይገድሉ ነበር። ይህ ቡልዶዝ ተባለ፤ በተለመደው አተረጓጎም ለበሬ የሚበቃ ዶዝ፣ ማለትም ያን ያህል ግርፋት። ውጤቱ ያከራከረው ምርጫ በልዩ ኮሚሽን በ8 ለ7 ድምፅ ተወስኖ ሄይስ በ185 ለ184 የመራጮች ድምፅ ተሾመ። በ1877 የፌዴራሉ ጦር ከሉዊዚያናና ከደቡብ ካሮላይና መንግሥታት ጥበቃ ተነሣ፤ ጥቁሮችን ከምርጫ ያገዱት ወገኖችም ግዛቶቹን ያዙ። ቃሉ ከዚያ ለማንኛውም የማስፈራራት ሥራ ዋለ፤ በ1880ዎቹ ብረት የሚያጎብጥ ትልቅ መጫኛ ማሽንም በዚህ ስም ተጠራ። ምላጭ ከፊቱ የተገጠመለት ባለሰንሰለት ትራክተር ቡልዶዘር የተባለው በ1930 አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ቡልዶዝ ማድረግ ቤትና መንደር ማፍረስ ሆነ፤ በስብሰባ ላይ ተቃውሞን ገፍቶ ማሳለፍም እንዲሁ። መንገድ ከሚደመድመው ሮሎ የእንግሊዝኛ ስም የወጣው ስቲምሮለር የሚለው ግሥ ከ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ጀምሮ ይህንኑ የፖለቲካ ሥራ ይዞ ነበር፤ እርሱ ግን በእውነት ከማሽኑ የወጣ ነው። ወደ አማርኛ የገባው ማሽኑ ብቻ ነው፤ ስሙም ‘ዶዘር’ ተብሎ ሲያጥር በሬው ወድቆ ዶዙ ቀርቷል።